በሐጃ ዘይነባ አጥር ውስጥ ያለው ባሕር

እጄ ላምባ ላምባ ይሸታል። ከትናንት ጀምሮ ሦስት ጊዜ በሳሙና ታጥቤዋለሁ፣ በሎሚም አሽቼዋለሁ፤ አልለቀቀም። ሚስቴ እራት ላይ አፍንጫዋን ይዛ «ደግሞ ምን ስትነካካ ዋልክ?» አለችኝ። አልመለስኩላትም፤ ብመልስላት ንዴቴ ገንፍሎ እራቱን ያበላሻል ብዬ ፈራሁ። ድንጋይ በላምባ ሳጥብ ስውል ይሄ በዕድሜዬ ሁለተኛዬ ነው። የመጀመሪያው ጊዜ ሃያ ምናምን ዓመቴ ነበር፤ ያኔ ያጠብኩት ባለማወቅ ነው። የትናንቱን ግን እያወቅሁ፣ የሰፈር ሰው ቆሞ እያየኝ፣ «አባባ፣ እዚህ ጋ ትንሽ ቀይ ቀርቷል» እየተባልኩ ነው ያጠብኩት። ነገሩን ከሥሩ ካላወራሁት አይወጣልኝም።

ከየካ ተራራ ግርጌ አንድ ትምህርት ቤት ነበር። ስሙን አልጠራም፤ ዛሬ ስሙም ሕንፃውም ተቀይሯል። እዚያ ለሠላሳ ምናምን ዓመት የድንጋይ ክፍል ጠባቂ ነበርኩ። ሰው ሥራዬን ጠይቆኝ ይሄን ስነግረው «ድንጋይ ደግሞ ማን ይሰርቀዋል?» እያለ ይስቅብኝ ነበር። እኔም አብሬ እስቅ ነበር፤ ሞኝ ነኝ። የተቀጠርኩት ቤተሰቦቼ ሚስቴን ለመጠየቅ ሽማግሌ በላኩበት ዓመት ነው። ከሾላ ወደ ላይ መንገዱ ገና አስፋልት አልለበሰም፣ መገናኛ ዛሬ ሰው ትከሻ ለትከሻ ሳይጋጭ የማያልፍበት ቦታ ሳይሆን በግ ሣር ላይ የሚታሰርበት ሜዳ ነበር። በስሙኒ ውይይት ታክሲ ተሳፍሬ፣ ፊት ለፊት ከተቀመጠው ሰው ጋር ጉልበት ለጉልበት ገጥሜ፣ ስለማላውቃቸው ሰዎች ሠርግና ለቅሶ እየሰማሁ እወርድ ነበር። ሱሪዬ ከታች እንደ ደወል የሰፋ ነው፤ ጭቃ ሲሆን ጫፉን በልብስ መቆንጠጫ እይዘዋለሁ። ሾላ ጥግ ላይ አንድ የካሴት ሱቅ ነበር፤ ባለቤቱ ጠዋት የከፈተውን ዘፈን እስከ ማታ አይቀይርም፤ ሳይወድ በግድ የመንደሩ ሰው ሁሉ አንድ ዘፈን ይዞ ይውላል። ዛሬ ያ ጥግ ላይ የስልክ ሽፋን ይሸጣል። እሱም ይሁን፤ ጥግ መቼም ባለቤት ይቀያይራል።

የድንጋዩ ክፍል ሰው ጋሼ ደምሴ ነበሩ። ጂኦሎጂ ያስተምራሉ። ጣሊያን አገር፣ በሰሜን በኩል፣ አልፕስ ከሚባለው ተራራ ሥር ነው የተማሩት። ያኔ ከውጭ የሚመለስ ሰው ካፖርት፣ የካሴት ማጫወቻ፣ ለእናቱ የሹራብ ልብስ ይዞ ነው የሚመጣው። እሳቸው ለሁለት ክረምት ተራራውን ሲወጡና ሲወርዱ የሰበሰቡትን አሥራ ሰባት ድንጋይ በቆርቆሮ ሣጥን ይዘው መጡ። እናታቸው ሣጥኑን ሲከፍቱ አለቀሱ ይባላል። የጉምሩክ ሰው ደግሞ ወርቅ ደብቀውበታል ብሎ ዘጠነኛውን ድንጋይ በመዶሻ መታው፤ ጥግ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያክል ጠባሳ ቀረበት። ጋሼ ደምሴ ይሄን ሲያወሩ አይስቁም ነበር። ጠባሳውን እየዳበሱ «ሃምሳ ምናምን ሚሊዮን ዓመት የተገፋ ድንጋይ አንድ የጉምሩክ ሠራተኛ አቆሰለው» ይሉ ነበር። ከሙሉ ልብሳቸው ጋር ቀይ ማሰሪያ ያለው የተራራ ጫማ ያደርጉ ስለነበር ተማሪው ሩቅ ሆኖ ያውቃቸዋል።

እያንዳንዱ ድንጋይ ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ተጽፎበታል፤ ከቁጥሩ ጎን ቀስት አለ። ቀስቱ ድንጋዩ ከተራራው ሳይነቀል በፊት ወደ ላይ የነበረው ጎኑ የቱ እንደሆነ ያሳያል። ይሄን ያኔ አላውቅም። እኔ የማውቀው መደርደሪያው አቧራ መሆኑን ነው። አዲስ ሠራተኛ ነኝ፤ ንጹሕ ሰው መባል እፈልጋለሁ። አንድ ቅዳሜ ድንጋዮቹን ሁሉ አወረድኳቸው፣ በግማሽ በርሜል ዘፈዘፍኳቸው፣ ያልለቀቀውን በላምባና በሽቦ ብሩሽ ፈተግሁት፣ እሑድ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። ከዚያ ከትልቅ ወደ ትንሽ አሰልፌ መደርደሪያው ላይ መለስኳቸው። እንዴት ያበሩ ነበር መሰላችሁ። ሰኞ ጠዋት ጋሼ ደምሴ በሩን ከፍተው ገቡ፤ ወዲያው ወጥተው ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ስንት ቀን ፈጀብህ?» አሉኝ። «ሁለት ቀን ነው ጋሼ» አልኩ፤ ምስጋና እየጠበቅሁ። «ጥሩ አድርገህ ነው ያጠብከው» አሉ። ያደረግሁትን የነገሩኝ ከዚያ በኋላ ነው። ዝርዝሩ ያለበት ደብተር አለ፤ ግን ደብተሩ የሚያወራው ስለ ቁጥሮች ነው፤ ቁጥሮቹ ደግሞ በርሜሉ ሥር ቀይ አተላ ሆነዋል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ያባርሩኛል ብዬ ዕቃዬን ስሰበስብ «የት ነው? የጠፋውን ማን ሊያገኘው ነው? ክረምቱን ከሰዓት በኋላ ከሰዓት በኋላ ትመጣለህ» አሉኝ።

ክረምቱን ሙሉ መጣሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው እሳቸው አንድ ድንጋይ እጄ ላይ ያኖራሉ። ምን እንደሆነ አይነግሩኝም። «ዳስሰውና አንተ ንገረኝ» ብቻ ነው የሚሉት። ስሳሳት ድንጋዩን አይወስዱብኝም፤ እጄ ላይ ትተውት ሻያቸውን ይጠጣሉ። አረንጓዴው ሲዳሰስ እንደ ሳሙና ያሟልጫል፣ ማግኔት ሲቀርበው ሳብ ያደርገዋል። ከባሕር ወለል ሥር የነበረ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ውኃ ጠጥቶ ጠጥቶ አረንጓዴ ሆነ። ፍሬው ትልልቅ የሆነው፣ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት፣ ከሥር ቀስ ብሎ የቀዘቀዘ ነው። ትራስ የመሰለው ቅልጥ ድንጋይ ባሕር ውስጥ ፈስሶ ውኃ ሲነካው የተኮማተረ ነው። ቀዩና መስታወት የሚቧጭረው ደግሞ ዓይን የማያያቸው የባሕር ፍጥረታት ቅርፊት ተጠራቅሞ የሆነው ነው። እነዚህ ሁሉ የአንድ ባሕር ወለል ናቸው። ባሕሩ በአውሮፓና በአፍሪካ መካከል ነበር። የእኛ ወገን ወደ ሰሜን ሲገፋ ባሕሩ ጠበበ፣ ወለሉ ወደ ታች ተዋጠ፤ የተረፈው ቁራጭ ግን ተፍቆ ወጥቶ የአውሮፓ መሬት ላይ ተጫነ፣ በእሱ ላይ ደግሞ የአፍሪካው ወገን መሬት ወጣ። ጋሼ ደምሴ ጋቢያቸውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው በመዳፋቸው ይገፉታል፤ ጋቢው ይኮማተርና አንዱ እጥፋት ሌላው ላይ ይወጣል። «አልፕስ ይሄ ነው» ይላሉ። ከዚያ መደርደሪያውን ከታች ወደ ላይ በጣታቸው እየነኩ «ይሄ የእነሱ መሬት፣ ይሄ ባሕር፣ ይሄ ደግሞ እኛ» ይላሉ። ከአንድ እስከ አምስት የእነሱ መሬት፣ ከሰባት እስከ አሥራ አራት ባሕር፣ ከአሥራ አምስት እስከ አሥራ ሰባት እኛ። ስድስተኛው ለብቻው ነው፤ ግማሹ ግራጫ መሬት፣ ግማሹ አረንጓዴ ባሕር፤ መካከሉ ላይ አንዱ በሌላው ላይ ሲንሸራተት የተወለወለ መስመር አለው። «ሁሉም ቢጠፋ ይሄን አንዱን አድን» ብለውኛል። ከመስኮቱ የሚታየውን እንጦጦን እያሳዩ ደግሞ «እሱ ገና ልጅ ነው፤ እሳት ነው የወለደው» ይሉኝ ነበር። «የሞተው ባሕር አልፕስ ላይ ነው፣ የሚወለደው ባሕር አፋር ላይ ነው፤ እኛ መካከላቸው ቁጭ ብለን ሻይ እንጠጣለን።» ክረምቱ ሲያልቅ አሥራ ሰባቱንም ዓይኔን ጨፍኜ ለየኋቸው። ቁጥሩንም ቀስቱንም በቀይ ቀለም መልሼ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጋሼ ደምሴ ካረፉ ቆይተዋል። የኮተቤ መምህራን ሳይቀሩ ተማሪ ይዘው እየመጡ ያንን መደርደሪያ ሲያዩ ኖረዋል፤ እኔ ሳስረዳ ጋቢ እገፋ ነበር።

ጡረታ ወጣሁ፣ ቁልፉን አስረከብኩ። ዓምና የሥራ ልምድ ደብዳቤ ፈልጌ ስሄድ «ክፍሌን አንዴ ልየው» አልኳቸው። ዳይሬክተሩ ትሁት ልጅ ነው፤ ያናደደኝም ትህትናው ነው። ተነሥቶ ወንበር ሰጠኝ። «ጋሼ፣ እሱ ክፍል እኮ ስማርት ክላስ ሆኗል። ሁሉንም ዲጂታል አድርገነዋል» አለኝ። «ድንጋዮቹስ?» ስለው ግድግዳው ላይ ስክሪን አበራ። አረንጓዴ ድንጋይ ወጣ። አየሁት፤ አላውቀውም። «ይሄ የእኛ አይደለም» አልኩት። «ከኢንተርኔት ነው ጋሼ፤ ግን ያው ዘ ሴም ነው» አለኝ። «የእኛዎቹ የት አሉ?» «እድሳቱ ላይ ከፍርስራሹ ጋር በሲኖ ትራክ ወጥተው ይሆናል።» ይሆናል! ደብተሩም ከመደርደሪያው ጋር ወጥቷል። አንድ ሰው ደውሎ ሊጠይቀኝ አልቻለም? ቤቴ ከትምህርት ቤቱ የሃያ ደቂቃ መንገድ ነው፤ ስልኬ ፋይሌ ላይ አለ። አልጮኽኩበትም፤ ብጮህበት ኖሮ ዛሬ ደረቴ ላይ የተቀመጠው ነገር ቀለል ይል ነበር። ደብዳቤዬን አስፈርሜ፣ አመስግኜ ወጣሁ። አመስግኜ መውጣቴ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ዘንድሮ ግንቦት ላይ ከኮተቤ መንገድ ወደ ሰፈራችን በሚያስገባው ኮረኮንች ስሄድ ዝናብ ያዘኝ። አንድ በር ሥር ተጠለልኩ። ዝናቡ የድንጋይ አጥሩን ሲያጥበው አጠገቤ አንድ ነገር አረንጓዴ ሆኖ ወጣ። እጄ ከእኔ ቀድሞ ሄደ። አሟለጨው። ጥጉን ስዳብስ ጠባሳው አለ፤ የጉምሩኩ መዶሻ። ዝናቡን ትቼ አጥሩን እየዳበስኩ ዞርኩት፤ አሥራ አንዱን አገኘሁ። ከጠፉት ስድስት ሦስቱ አሥራ አምስት፣ አሥራ ስድስትና አሥራ ሰባት ናቸው፤ እኛ የሚባሉት ማለት ነው። የትኛው ጉድጓድ ውስጥ እንደተደፉ ፈጣሪ ይወቅ። ስድስተኛው አለ፤ ግን ግንበኛው በጎኑ አስተኝቶታል፤ መሬቱ በግራ፣ ባሕሩ በቀኝ። እስቲ ይታያችሁ፣ መሬት ከሥር ባሕር ከላይ ብሎ እንዲመሰክር የመጣ ድንጋይ ነው። በሩን ደበደብኩት። የከፈቱልኝ ሐጃ ዘይነባ ናቸው፤ ሾላ ገበያ ቅመም የሚሸጡ፣ በዕድሜ የእኔ እኩያ። ነገሩን ስነግራቸው እንደ እብድ አላዩኝም። «ወንድሜ፣ እኔ ድንጋይ ብለው ሲያራግፉልኝ ድንጋይ ነው ብዬ ነው የገዛሁት» አሉ። «አጥሬን ላፍርስልህ? ሲሚንቶው ደርቋል። ግን የፈለግህ ጊዜ መጥተህ እያቸው፤ አጥር ማየት ክልክል አይደለም።»

ሦስት ሳምንት እየሄድኩ አየኋቸው። ማታ ማታ ግን አንድ ሐሳብ ያስጨንቀኝ ጀመር። ደብተሩ የለም፤ ቁጥሩን ዝናብና ሲሚንቶ በልቶታል፤ የትኛው የት እንደነበረ የሚያውቅ አንድ እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ ሰባ አልፎኛል። እኔ ስሞት አሥራ አንድ ቆንጆ የአጥር ድንጋይ ይቀራል። ትናንት ሐጃ ሾላ ባሉበት ሰዓት ከሱቅ ቀይ የዘይት ቀለምና ብሩሽ ገዝቼ ሄድኩ። ያን ክረምት እንደጻፍኩት አድርጌ ቁጥሩንም ቀስቱንም መለስኩ። ስድስተኛው በጎኑ ስለተኛ ቀስቱ ወደ ጎን፣ ወደ ጎረቤታቸው ወደ አቶ ታደሰ በር ያመለክታል። ምን ላድርግ? ቀስት ድንጋዩን ይከተላል።

ዘጠነኛው ድንጋይ ላይ ስደርስ ከኋላዬ ሰው መቆሙ ተሰማኝ። ዞር ስል አንድ አይደለም፣ አሥር ይሆናሉ። አንዲት ሴት ስልክ ይዛ «ወንድሜ ቶሎ ና፤ እኛ ሰፈር ገቡ» እያለች ታለቅሳለች። አቶ ታደሰ፣ ከእኔ ሃያ ዓመት የሚያንስ ሰው፣ የቤቱን ካርታ በፌስታል ይዞ ወጥቷል።

«አባባ፣ ስንት ሜትር ነው የሚገባው?»

«ምኑ?»

«መንገዱ። ቀስቱ እኮ ወደ እኔ በር ነው።»

ያኔ ነው የገባኝ። በዚህ ከተማ አጥር ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር የሚጽፍ ሰው አንድ ሥራ ብቻ ነው ያለው። ለማስረዳት አፌን ስከፍት ከኋላዬ ወንበር አስጠጉልኝ። ባለ መደገፊያ ወንበር። ቀጥሎ ቀዝቃዛ ለስላሳ መጣ። አንዱ ፀሐይ እንዳይነካኝ ጃንጥላ ዘረጋ። «እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት፤ ልጆች አሉን፤ ለሚመለከተው አካል አንድ ነገር ይበሉልን» ይሉኛል። ሠላሳ ምናምን ዓመት ድንጋይ ስጠብቅ አንድ ሰው ወንበር አስጠግቶልኝ አያውቅም። ቤት የማፈርስ ስመስላቸው ግን ጃንጥላ ተያዘልኝ። በማን እንደተናደድኩ እኔም አላውቅም፤ በዳይሬክተሩ፣ በግንበኛው፣ በቀለሙ፣ በራሴ፣ አንድ ሽማግሌ ብሩሽ ሲያነሣ ካርታ ይዞ እንዲሮጥ ሰውን ባስተማረው ፍርሃት። ለስላሳውን መሬት ላይ አስቀምጬ ተነሣሁ።

«ስሙኝ። እኔ ማንም አልላከኝም። ይሄ ድንጋይ የባሕር ወለል ነው። ባሕሩ ከሞተ ቆይቷል። ቁጥሩ ድንጋዩ ከተራራው ላይ የቱ ጋ እንደነበረ ነው የሚናገረው።»

አቶ ታደሰ ካርታውን እንደያዘ «እሺ፣ ባሕሩ ይሁን» አለ። «ታዲያ ባሕሩ በየት በኩል ነው የሚመጣው?»

በዚህ መሐል ሐጃ ዘይነባ ከሾላ ደረሱ። ዘንቢላቸውን አውርደው አጥሩንም፣ እኔንም፣ የምታለቅሰውንም ሴት አዩ። ሰዉን «ጡረተኛ አስተማሪ ነው፤ ከወረዳ አይደለም» ብለው አረጋጉት። አስተማሪ አይደለሁም፤ ግን አላረምኳቸውም። ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብለው ዝቅ ባለ ድምፅ «እኔ አምንሃለሁ ወንድሜ። ግን ይሄ ቁጥር እዚህ ካደረ ሰፈሩ አይተኛም። ነገ እውነተኞቹ መጥተው ተጽፎ ካገኙትስ? ማን ጻፈው አይሉም፤ ያፈርሱታል» አሉኝ። ልከራከር ፈልጌ ነበር። የሴትየዋን ዓይን ሳይ ተውኩት። ላምባውን ያመጡልኝ ሐጃ ራሳቸው ናቸው።

አጠብኩ። አንድ በአንድ፣ በሽቦ ብሩሽ። ላምባው ሲሸተኝ የዚያ ቅዳሜ በርሜል፣ የጋሼ ደምሴ ባርኔጣ፣ ሁሉም መጣ። አቶ ታደሰ አጠገቤ ቆሞ ያረጋግጣል፤ ቀይ የቀረበትን ስንጥቅ በጣቱ ያሳየኛል። ስድስተኛው ላይ ስደርስ ብሩሹን መሬት ላይ አስቀመጥኩት። ሐጃ በጆግ ውኃ እያፈሰሱልኝ ነበር፤ ቆም አሉ።

«ይሄኛው ምንድን ነበር ያልከኝ?»

«መሬትና ባሕር የተገናኙበት ነው።»

መዳፋቸውን በተወለወለው መስመር ላይ አሳለፉት፤ በርበሬ ደቆ አልደቀቀ ብለው እንደሚያዩት ዓይነት። «ሱቄ ውስጥ አንድም ዕቃ ላይ ስም አልተጻፈም» አሉ። «ኮረሪማውንም አብሹንም ጥቁር አዝሙዱንም በእጄና በአፍንጫዬ ነው የምለየው። እናቴ ስትሰጠኝ እንደዚያ ነው የሰጠችኝ። አንተ ቁጥሩን እጠበው። እኔ እይዘዋለሁ፤ ከአንድ ጀምረህ አስይዘኝ።»

የመጨረሻውን ቀስት አጠብኩት። ንዴቴ አልበረደም፤ አሁን ይሄን ስጽፍም አልበረደም፤ ያን ስክሪን ሳስብ ዓይኔ ይጨልማል። ግን ከአንድ ጀመርኩላቸው። ቁጥሩን ተከትለን፣ አጥሩ ሥር ወዲያና ወዲህ እያልን እየዳበስን ሄድን። አቶ ታደሰ ካርታውን በብብቱ ይዞ፣ ቀይ ቀርቶ እንደሆነ የሚፈትሽ መስሎ፣ ከኋላችን ይከተላል። ጠባሳ ያለበት ድንጋይ ጋ ስንደርስ እሱም እጁን ሰደደ።

«ቆይ፣ ይሄኛው ከባሕሩ ነው ከመሬቱ?» አለኝ።

ላምባ የጠጣውን ጨርቅ እጁ ላይ ወረወርኩለትና «እጅህን ጥረግ፤ ዳስሰውና አንተ ንገረኝ» አልኩት።